የሐራሬው ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አቶ ኣምባዬ የሠርካዲስን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠሩ።

ሠርካዲስ በልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሸራ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ከአከራዩ ጋር በውኃ ቆጣሪ ለተጣላ አንድ ሰውዬ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። የሰውዬው ቁጣ ገና አልበረደም።

«ሌባ መሆኑን ጻፊበት» ይላታል።

«አባቴ፣ ስድብ አይገባበትም» ትለዋለች ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ማያ ሳታነሳ። «ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ። ይኸው ነው።»

«እሺ፣ ሌባ አትበይው። ግን ሌባ መሆኑ እንዲገባቸው አድርገሽ ጻፊው።»

ከጥግ በኩል ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ኤፊ ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰው በደል ስትጽፍ ሠርካዲስ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ዳኛ እንባ እንደማያነብ ነው።

«ሠርካዲስ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ቀና ስትል አቶ ኣምባዬ ናቸው፤ የፍቅረኛዋ የሃይልኣብ አጎት። ሁለት ዓመት ሙሉ በልደታ ማርያም መንገድ ላይ ስታገኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም ትላቸዋለች። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከእሷ ባሻገር ጥለው ያልፋሉ። ዛሬ ባርኔጣው በእጃቸው ነው። ኤፊ ወንበር ሊለቅላቸው ብድግ አለ።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«ከተቀመጥኩ የምነሳበት ጉልበት የለኝም» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንዴ ወደ ውጭ ውጪልኝ» አሏት።

ልጄ አሏት። ሠርካዲስ ጣቶቿ ከቁልፎቹ ላይ መቼ እንደተነሱ አላወቀችም።

ውጭ፣ ጠበቆች ጥቁር ካባቸውን በክንዳቸው ላይ ጥለው ይተላለፋሉ፣ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ይጮኻሉ። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

«አባዲት አርፋለች» አሉ። «ዛሬ ጠዋት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። ደም ግፊት ነው አሉ።»

ወይዘሮ አባዲት የሃይልኣብ እናት ናቸው፤ የአቶ ኣምባዬ እህት። ሠርካዲስ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ለመጠየቅ የፈራችውን እሳቸው ቀድመው መለሱት።

«እሱ አያውቅም። አሁን ሐራሬ ነው። ነገ በሰባት ሰዓት አውሮፕላኑን ይዞ ይገባል። ቀብሩን ለአሥር ሰዓት አድርገነዋል፣ ይደርሳል። እስከዚያ ሁላችንም ስልካችንን ዘግተናል። ግን ማታ ማታ ላንቺ እንደሚደውል እናውቃለን።»

እናውቃለን አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላወቁ የሆኑትን ሁሉ በአንድ ቃል አመኑ።

«አንቺም ከዘጋሽበት ይጠረጥራል። ሰው አገር፣ ለብቻው፣ በሆቴል ክፍል መርዶ ይሰማል? በስልክ? ደግሞ ነገ ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እንደ ወትሮሽ አዋሪው። አደራሽን፣ ልጄ።»

ሠርካዲስ «እሺ» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስብ ነው ለማለት ይከብዳል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ብዙ ነገር አስባ ነበር።

*

ሃይልኣብ ረዳት አብራሪ ነው። መጀመሪያ የመጣው እናቱ ከጎረቤት ጋር በአጥር ድንበር ሲከራከሩ ማመልከቻ ሊያጽፍ ነበር። ሠርካዲስ ጽፋ ስታበቃ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። መሃል ላይ አንድ ባለጉዳይ ገብቶ አቋረጣት። ሰውየውን ሸኝታ ስትመለስ ካቆመችበት አልቀጠለችም፤ ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመረች።

ሃይልኣብ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። «እኛም እንዲህ ነን» አላት። «ከመነሳታችን በፊት የምናነበው ዝርዝር አለ። ሰው ካቋረጠን ከመጀመሪያው ነው። ያቆምሽበት የሚመስልሽ ቦታና በእውነት ያቆምሽበት ቦታ አንድ አይደለም።»

«የታክሲ ሹፌር ብትሆን እንዲህ ሁሉ ባልተቸገርክ» አለችው። «ረዳቱ ‹ወራጅ አለ› ይላል፣ ትቆማለህ፣ አለቀ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሹፌር ሆነ። ሹፌሩ፣ ሹፌሬ፣ አንተ ሹፌር። በቁልምጫም በቁጣም ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም።

አንድ እሑድ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በእግር ሲወርዱ ሌላ ነገር ነገራት። አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ይቆማል። «የበረራ መጽሐፉ ከአሥር ሺህ ጫማ በታች ይላል። አዲስ አበባ ራሷ ከሰባት ሺህ በላይ ላይ ስለተቀመጠች እኛ ጋ ዝምታው ቀደም ብሎ ይጀምራል። ስለ ኳስ የለም፣ ስለ ደሞዝ የለም፣ ስለ ቤት የለም። የሚወራው ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ነው።»

«ስለ እኔስ?»

«ስላንቺማ ገና ሞተር ሳይነሳ ነው የማቆመው።»

«ውሸታም ሹፌር!» ብላ በክርኗ ጎሸም አድርጋው ነበር። ነገሩ ግን ልቧ ውስጥ ቀረ። እሷ የምትወደው ሰው፣ ከኋላው ሁለት መቶ ነፍስ ይዞ፣ ሐሳቡን ከምንም ነገር ጠብቆ የሚወርድባት ሰዓት አለች። ያቺን ሰዓት ለመጠበቅ እሷም ድርሻ ያላት መሰላት።

ቤተሰቡ ግን ድርሻ አልሰጣትም። የወይዘሮ አባዲት ቤት ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ባለ ብረት በር፣ ግቢው ሰፊ ነው። ሠርካዲስ የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት፤ የቀበሌ ቤት፣ አንድ ቧንቧ ለስድስት አባወራ። «የፍርድ ቤት በር ላይ ወረቀት የምትጽፍ» ይሏታል ሲያወሩባት። ወይዘሮ አባዲት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተው ነበር። ለእድራቸው የሚሰጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጻፉ፣ አነበቡት፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ሲወጡ «እጅሽ ፈጣን ነው» ብለው ሄዱ። ሠርካዲስ ያችን ንግግር ሦስት ወር ሙሉ ስታገላብጣት ከረመች። ሙገሳ ነበረች? ወይስ ለጸሐፊ የሚባለው ይኸው ነው? አሁን የሚመልስላት የለም።

*

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቷ ውስጥ ፊቷን ታጥባ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለግድግዳው «አለሁ ሹፌሩ» ብላ ሁለት ጊዜ ተለማመደች። ሁለተኛው የተሻለ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«እንዴ! ቶሎ አነሳሽ። ሌላ ሰው ስትጠብቂ ነበር?»

«የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር የምጠብቀው። አንተ ገባህበት።»

«እሱ በሰዓቱ አይደውልም፣ እኔ እሻላለሁ» አለና ሳቀ። ሳቁ ከሐራሬ ድረስ መጥቶ ክፍሏን ሞላው። «ስሚማ፣ የእማ ስልክ ተዘግቷል። ጋሽ ኣምባዬም ዘግቷል። ምን ሆነ ሰፈሩ?»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቻርጅ አልቆባቸው ይሆናል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራ ቦታ ነው የሞላሁት።»

አመናት። ያ ነው የከበዳት፤ ማመኑ። ስለ ቀኑ ያወራላት ጀመር። ከሆቴሉ ወጥቶ ገበያ ሄዷል። የእናቱ እግር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያብጣልና ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ለስላሳ ጫማ አግኝቷል። ሁለት ቀለም ስለነበረ ግራ ገብቶት ሁለቱንም አስቀምጡልኝ ብሎ መጥቷል። ሱቁ እስካሁን ክፍት ነው።

«ጥቁርና ቡኒ ነው። ጥቁር ለሐዘን ነው ትላለች፣ ታውቂያታለሽ። ግን ጥቁሩ ሲያዩት ያምራል። የቱን ልያዝላት? ነገ ራሴ ነኝ የማጠልቅላት።»

ሠርካዲስ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ያዘች። በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም።

«ቡኒውን» አለች።

«ቡኒውን፣ አይደል? እኔም እሱ ነው ያማረኝ። ሠርኬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው። ኅዳር አይደል?»

«ኅዳር ሲታጠን አንቺም ታጠኚ እንግዲህ። በይ፣ ጫማውን ላምጣና ልተኛ፣ ነገ በጠዋት ነው የምነሳው።»

መዝጋት ነበረባት። «ቀስ ብለህ ንዳ ሹፌሩ» ብላ፣ እንደ ወትሮው ስቃ፣ መዝጋት። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ያ ሰው በዓለም ላይ እናት እንደሌለውና ከሁለቱ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ እንደሆነች ታያት።

«ሃይልኣብ» አለች። «እወድሃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ደክሞኛል። ደህና እደር።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች። ሙቀቱ ቀስ እያለ ጠፋ።

*

በማግስቱ ያ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። የእድሩ ድንኳን ከግቢው ተርፎ እስከ መንገድ ወጥቷል። አቶ ኣምባዬ ከሩቅ አይተዋት በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሴቶቹ ገለል ብለው አሳለፏት። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አገላብጣ አለባበሷን አስተካከለችላት። ሌላዋ የንፍሮ ሰሃን አስያዘቻት። ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ግቢ ስታስበው ኖራለች፤ የአበባ መደቡ የት እንደሚሆን፣ ደረጃው ስንት እንደሚሆን። አሁን በውስጡ ቆማ፣ ከሬሳው ክፍል የሚመጣውን ለቅሶ እየሰማች፣ ደረጃውን ስትቆጥር ራሷን አገኘችው። አምስት ነበር። አፈረች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ አውሮፕላን በላያቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። ለቀስተኛው አንዴ ቀና ብሎ ተመልሶ አቀረቀረ። ሠርካዲስ ብቻ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ሰማችው። አሁን ዝም ብለዋል አለች በልቧ። አሁን ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ነው የሚያወሩት። ጠብቄዋለሁ አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወንዶቹ መሃላቸው አድርገው አመጡት። «እናትህን ትንሽ አሟት ነው» ብለው ከአውሮፕላን ማረፊያው ነበር ያሳፈሩት። ድንኳኑን እስኪያይ ድረስ አልነገሩትም። ነጭ ሸሚዙን፣ ትከሻው ላይ ባለ ሦስት መስመሩን እንደለበሰ ነው፤ በእጁ የሱቅ ላስቲክ ይዟል። ግቢው በአንድ ጊዜ በጩኸት ተናጋ። ሰው ሁሉ ሊያቅፈው ሲጋፋ እሱ እንደ እንጨት ቆሞ ዙሪያውን ያይ ነበር።

ዓይኑ ሠርካዲስ ላይ አረፈ።

ነጠላዋን አየው። ሰሃኑን አየው። ከዚያ ፊቷን። በዚያ ዓይን ውስጥ የጠበቀችው ሐዘን ነበር፤ ያየችው ግን እንደ ስሌት ያለ ነገር ነው። ከትናንት ማታ አንድ ሰዓት እስከ አሁን ያለውን እየቆጠረ ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ፤ ላስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ሠርካዲስ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዋን ቀረች።

*

ሳልስቱ አለፈ። ሰባቱ አለፈ። ሠርካዲስ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች አስተናገደች። ሃይልኣብ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ስታልፍ ያያታል፤ ማለት እሷ የምታልፍበትን ያያል። አንድ ቀን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብላ ጻፈችለት። መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። ሌላ ነገር አላሳያትም። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን አልጋዋ ጫፍ ላይ መቀመጡን ግን አልተወችም። የሚደውል እንደሌለ ታውቃለች። ሰውነቷ ሰዓቱን ለምዶታል።

ኅዳር 23፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙን አሳድጎ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመ።

ኤፊ እንደ ልማዱ «ኧረ ሹ...» ብሎ ጀምሮ ፊቱን ሲያይ ተወው። «ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ... ሻይ አልጠጣሁም ለካ» ብሎ ወጣ። ሻይ ከጠጣ ገና ሩብ ሰዓት አልሆነውም።

ሃይልኣብ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሠርካዲስ ከአፏ ሊወጣላት የቻለው በቀን አርባ ጊዜ የምትለው ብቻ ነበር።

«ማመልከቻ ነው?»

«ሪፖርት ነው። ለመሥሪያ ቤቴ። በእንግሊዝኛ ነው የሚገባው፣ እሱን ራሴ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ ግን በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ማወቅ አለብኝ። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ትችያለሽ።»

አዲስ ገጽ ከፈተች። «ማን፣ መቼ፣ ምን» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰላት።

«ኅዳር 11 ቀን። ከሐራሬ አዲስ አበባ። አውሮፕላኑን የማበርረው እኔ ነበርኩ፤ ካፒቴን ቶኩማ ሬዲዮውን ይዞ እኔን ይከታተላል። ለማረፍ እየወረድን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው እስከ አሥራ ሦስት ሺህ ጫማ ውረዱ አለን። ካፒቴኑ አሥራ ሦስት ብሎ መለሰ። እኔም አሥራ ሦስት አልኩ። እጄ ግን አውሮፕላኑ ወርዶ የሚቆምበትን የከፍታ ቁጥር አሥራ አንድ ሺህ ላይ አቆመው።»

ጻፈች። ጣቶቿ ቀጥ ብለው ሄዱ።

«ካፒቴኑ አላየም?»

«ያን ጊዜ ከመንገደኛ ክፍል ተደወለ፣ የታመመ ሰው ነበር። እሱን ሲያናግር ነው። ግን እኔም ማረጋገጥ ነበረብኝ። በጣት እያመለከትን ጮክ ብለን ነው የምናነበው። ጣቴን ቀሰርኩ፣ አነበብኩ። ዓይኔ አሥራ አንድን እያየ አፌ አሥራ ሦስት አለ።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቶኩማ አየው። ‹ከፍታ!› አለ። ‹እኔ ይዤዋለሁ› ብሎ ተቀበለኝና ወደ ላይ መለሰው። ከተፈቀደልን ሁለት መቶ ጫማ ወርደን ነበር። አንድም መንገደኛ አላወቀም። ግን ከሥር ተራራ አለ ሠርካዲስ። መሬት ከነካን በኋላ ‹የት ነበርክ?› አለኝ። እዚሁ ነኝ አልኩት።»

ሠርካዲስ የመጨረሻውን አልጻፈችም።

«ምክንያት» አለች ቀስ ብላ። «ምክንያቱ ካልተጻፈ ሙሉ አይሆንም።»

«የት እንደነበርኩ ልንገርሽ? ያንቺ ስልክ ውስጥ ነበርኩ። በሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስሜን ጠርተሽኝ አታውቂም። ጠራሽኝ። ከዚያ እወድሃለሁ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ተሰናበተችኝ ብዬ ነው ያደርኩት። ቤተሰቤ አንገሽግሿት ተወችኝ ብዬ። አራት ሰዓት በረራ ሙሉ ‹ደክሞኛል› ያልሽውን ሳገላብጥ መጣሁ።»

«እኔ እኮ...» አለች። «ሐሳብህ ነፃ እንዲሆን ብዬ ነው። ስትወርዱ ዝም እንደምትሉ የነገርከኝ አንተ ነህ።»

«ሆቴል ነበርኩ!» ድምፁ ከፍ አለና ራሱን ገታ። «አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ጫማዬን አውልቄ። ዝምታው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው፣ ሠርካዲስ። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ሁሉም ነገር መነገር አለበት። ነግረሽኝ ቢሆን ‹ነገ ለመብረር አልበቃም› ማለት የኔ ነበር። አንድ ቃል ነው። ወይ ሌላ ሰው ይልኩ ነበር፣ ወይ በረራው ይዘገይ ነበር፤ እሱ የነሱ ጣጣ ነው። እኔ ኋላ ከመንገደኛ ጋር ተቀምጬ ለእናቴ እያለቀስኩ እመጣ ነበር። አንቺ ግን የጫማዋን ቀለም መረጥሽልኝ።»

ከውጭ የታክሲው ረዳት «ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ይላል።

«ጋሽ ኣምባዬ ነግሮኛል» አለ ሃይልኣብ ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹እኔ ነኝ ያልኳት፣ እሷን አትውቀስ› ብሎኛል። እሱን አልቀየምም፤ እሱ የሚያውቀው መርዶ በስልክ እንደማይነገር ነው። አስገደደሽ፣ አይደል? እምቢ ማለት አልቻልሽም።»

ዓይኑ ይለምናት ነበር። «አዎ» ብትለው ይበቃው ነበር። ሠርካዲስ ይህን አየችው። አንድ «አዎ» ብቻ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ እጇን ይይዛል፤ ማታ አንድ ሰዓት ስልኩ ይጮኻል። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽታዋለች።

«አላስገደዱኝም» አለች። «ልጄ አሉኝ።»

ሃይልኣብ አልገባውም።

«ልጄ አሉኝ፣ ሃይልኣብ። ሁለት ዓመት ስሜን ያልጠሩ ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እዚህ በር ላይ መጥተው ልጄ አሉኝ። ላንተ ብዬ እሺ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ግማሹ ላንተ ነው፤ እሱን አልክድም። ግማሹ ግን እሺ ካልኩ በማግስቱ የናንተን በር አልፌ እንደምገባ ስላወቅሁ ነው። እናትህ ሞተው እኔ የማስበው ስለ በር ነበር። አንተን እየጠበቅሁ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ የቤታችሁን ደረጃ እቆጥር ነበር።»

እንባዋ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አልጠረገችውም። ሃይልኣብ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ክንዱ ተደግፎ ፊቱን ቀበረ። ትከሻው ሲናጥ አየችው። በቀብሩ ቀንም፣ በሳልስቱም፣ በሰባቱም እንዲህ ሲያለቅስ አላየችውም። እጇ ወደ ጸጉሩ ሄደ፤ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተመለሰ።

ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነበር።

«እውነቱን ነገርሽኝ። አመሰግናለሁ።»

«አትጠላኝም?»

«እወድሻለሁ። መከራዬ እሱ ነው።» ጣቶቹን አቆላልፎ አያቸው። «ከቤት ስወጣ ቤቱን በር ላይ ትቼው ነው የምሄደው። ደህና ነን ይሉኛል፣ አምኜ እሄዳለሁ። ሌላ መተማመኛ የለኝም። ከእንግዲህ አንቺ ደህና ነኝ ስትይኝ እኔ ድምፅሽን ነው የምመረምረው። ስትስቂም እመረምራለሁ፣ ሹፌር ስትይኝም እመረምራለሁ። እዚህ ምድር ላይ ቢሆን ቀስ በቀስ ይተወኝ ነበር። እዚያ ላይ ግን ከኋላዬ ሰው አለ።»

ሠርካዲስ መብረሩን ተው ልትለው እንደማትችል ታውቃለች። እሱም እንደማትለው ያውቃል። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ይህ ዝምታ ግን ምንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

«እንጨርሰው» አለ በመጨረሻ። «ኤፊ ሻይው ይበርድበታል።»

ለመሳቅ ሞከረች። አልሆነላትም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ማያው ዞረች፤ ካቆመችበት ሳይሆን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችለት። ማን፣ መቼ፣ ምን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ምክንያቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«‹ከበረራው በፊት በነበረው ምሽት ባደረግሁት የስልክ ንግግር ምክንያት ሐሳቤ ተይዞ ነበር› በይ» አለ።

ጻፈችው። ከዚያ ልማዷ ሆኖ ጠየቀች፤ ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር ማሳለፍ አትችልም።

«ከማን ጋር ያደረግኸው ልበል?»

ሃይልኣብ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ከቤተሰብ ጋር» አለ።

ያቺን ቃል ለመጻፍ የፈጀባት ጊዜ ሙሉውን ገጽ ከጻፈችበት በላይ ነበር።

*

ሃይልኣብ ሪፖርቱን በማግስቱ አስገባ። ስድስት ሳምንት ከበረራ ርቆ፣ በበረራ መለማመጃው ሲሙሌተር ላይ እንደገና ሠልጥኖ ተፈተነ፤ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ሥራው ተመለሰ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር የወይዘሮ አባዲት ሙት ዓመት ሲዘከር፣ አቶ ኣምባዬ ሠርካዲስን ጠርተዋት ከሴቶቹ ጋር ስታስተናግድ ዋለች። ሃይልኣብ ቅዳሴውን አስቀድሶ፣ እሷ ከመድረሷ በፊት ወደ በረራ ሄዶ ነበር።